«ገና አላለቀም» ያልኩት ጣሪያ

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቦሌ መንገድ ላይ ፎቅ እንደ አሸን መፍላት የጀመረ ሰሞን። ከዚያ ወዲህ ልጆች ወልጄ ድሬያለሁ፣ ፀጉሬም ሸብቷል። ግን ዛሬም ድረስ አንድ ትልቅ ሱቅ ገብቼ የሰዉ ድምፅ ሲያስተጋባብኝ ቀና ብዬ ጣሪያውን አያለሁ። ያን ጊዜ ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረህ» ትለኛለች።

ቱግ ባይ ነኝ፤ ይህን ቀድሜ ልናገር። የገርጂ ልጆች «እንድሪስ እሳቱ» ይሉኝ ነበር። ሥራዬ ልስን ነው። የሕንፃ ግድግዳና ጣሪያ እለስናለሁ። ወላጆቼ የኮምቦልቻ ሰዎች ናቸው፤ እኔና እህቴ ሰዓዳ ግን ገርጂ ነው ያደግነው።

ሰዓዳ በልጅነቷ ኩፍኝ ታማ ግራ ጆሮዋ ተደፍኗል። አይሰማም። ይህን ከቤተሰብ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። እሷ እንዲታወቅባት አትፈልግም። የሰው ፊት እያየች፣ የከንፈሩን እንቅስቃሴ እየተከተለች ነው የኖረችው። ፊት ማንበብ ላይ እሷን የሚያህል አላየሁም። ገና በሩን ስገባ «ከማን ጋር ተጣላህ?» ትለኛለች።

የምትሠራው ጋሽ ግርማ ሱቅ ውስጥ ነው። ጋሽ ግርማ የቤት ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ድስት፣ ፔርሙስ ይሸጣሉ። የድሮው ሱቃቸው ገርጂ ውስጥ ወለሉ ጣውላ የሆነ ጠባብ ቤት ነበር። ሰዓዳ ሱቁን ከባዶ መደርደሪያ ጀምራ ያቆመች ሠራተኛ ናት። ሴቶቹ ሻጮች ሁሉ በእሷ ሥር ነበሩ። ደንበኛ «ሰዓዳ የለችም?» ብሎ የሚመለስበት ሱቅ ነበር።

ከዚያ ጋሽ ግርማ ቦሌ መንገድ ላይ አዲስ ፎቅ ሥር አዳራሽ የሚያህል ቤት ተከራዩ። ወለሉ እብነ በረድ፣ ፊት ለፊቱ መስታወት፣ ጣሪያው ደግሞ እንደ ሳህን የለሰለሰ ሲሚንቶ። በዚያ ላይ ሸቀጡ ብርጭቆና አሉሚኒየም! አንድ ማንኪያ ሲወድቅ ቤቱ ሙሉ ይጮሃል። አንዱ ሲያወራ ድምፁ ሦስት ቦታ ነጥሮ ይመለሳል። አንዱ ሌላውን ለመብለጥ ይጮሃል፣ ያኛው ደግሞ ይብስ ይጮሃል። እዚያ ግማሽ ሰዓት የቆየ ሰው ራሱን ይዞ ነው የሚወጣው።

ጋሽ ግርማ ግን ደስ ብሏቸዋል። «ገበያ ሲደራ እንዲህ ነው!» ይላሉ። ኧረ በአላህ! ሰው ጆሮውን ይዞ እየወጣ ምን ዓይነት ገበያ ነው የደራው?

ሁሉንም ሲያመው ሰዓዳን ግን ጨርሶ ገደላት። በአንድ ጆሮ የምትሰማ ሰው እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ድምፁ ከየት እንደመጣ አታውቅም። ደንበኛ ከኋላዋ ይጠራታል፣ አትዞርም። በግራዋ ቆሞ ያናግራታል፣ ዝም ብላ ዕቃ ትጠቀልላለች። ሰዉ «ምን ዓይነት ኩራተኛ ናት?» ማለት ጀመረ። አንዷ ሴትዮማ «ይቺ ልጅ ናቀችኝ» ብላ ለጋሽ ግርማ ከሰሰቻት።

ጋሽ ግርማ ጠርተው አስጠነቀቋት። ሱቁ በይፋ የሚመረቀው ከአንድ ወር በኋላ ነበር፤ ትልልቅ እንግዶች ተጠርተዋል። «እስከ ምርቃቱ ጠባይሽን ካላስተካከልሽ አንለያይም ብለሽ እንዳታስቢ» አሏት። ስንት ዓመት ያገለገለቻቸውን ልጅ!

ቤት መጥታ አለቀሰች። እኔ ቱግ አልኩ። «አሁኑኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ! ጆሮዋን ያማታል እላቸዋለሁ!» ብዬ ተነሳሁ። እጄን ያዘችኝ።

«እንዳታደርገው» አለችኝ። «ደንቆሮዋ ከምባል ኩራተኛዋ ብባል ይሻለኛል። ከነገርካቸው አንተንም አላናግርህም።»

ምን ይዋጠኝ? ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ቦጋለ ትዝ ያሉኝ።

ጋሽ ቦጋለ ነፍሳቸውን ይማርና ልስን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እኔንና ታደሰ የሚባለውን ጓደኛዬን አብረው ነው ያስተማሩን። በወጣትነታቸው የአንድ ሲኒማ ቤት ጣሪያ ሲለሰን ሠርተዋል። ሊሞቱ አካባቢ እኔን ብቻ ጠርተው የዚያን ጣሪያ አሠራር አሳዩኝ። ፑሚስ የሚባለው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ ይደቅና በወንፊት ይነፋል። ደቃቁ ይጣላል፣ ሩዝ ሩዝ የሚያህለው ይቀራል። ከኖራና ከትንሽ ሲሚንቶ ጋር ይቦካል፣ የልብስ ሳሙና አረፋ ይጨመርበታል። ሲለጠፍ አይደመደምም፣ አይለሰልስም። ሻካራና ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ድምፅ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ አይመለስም።

«ብቻ ቀለም እንዳታስነካው» አሉኝ። «ቀዳዳው ከተደፈነ ለቅሶ ነው። ደግሞ ለማንም አታሳይ።»

ለታደሰ ለምን እንዳላሳዩት አላውቅም። እኔም አልጠየቅኩም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ግርማን ሄጄ አናገርኳቸው። የሰዓዳን ጆሮ አላነሳሁም። «ደንበኛዎ ራሱን እያመመው ነው የሚወጣው፤ ጣሪያውን ልሥራልዎትና ይዩት» አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍላቸውን ጣሪያ ሠርቼ አሳየኋቸው። ገብተው አጨበጨቡ፣ ወጥተው አጨበጨቡ፣ እንደገና ገቡ። «ይሄ ነገር እንዴት ነው?» አሉ። መደርደሪያ ለመትከል ከምርቃቱ በፊት ሁለት ሳምንት ሱቁን ሊዘጉ አስበው ስለነበር በዚያው እንድሠራ ተስማማን።

«ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው» አልኳቸው።

«እሺ ባክህ፤ ግን ሲያዩት አያምርም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አያምርም። ያላለቀ ነው የሚመስለው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻዬን ሠራሁ። ሰው እንዳያይብኝ መስታወቱን በሙሉ ጋዜጣ ለጠፍኩበት። ፑሚሱን የነፋሁት እኔ፣ ያቦካሁት እኔ፣ የተሸከምኩት እኔ። ሳሙናውን እንኳ ኪሴ ውስጥ ነበር የምይዘው። በአዲስ አበባ ይህን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ መሆኔ ልቤን አሳብጦት ነበር። ነገ ሁሉም ትልልቅ ሱቅ እኔን ፈልጎ ሲመጣ ይታየኝ ነበር።

ታደሰ በዚያው ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ ይለስን ነበር። የመንዝ ልጅ ነው። ለሰው ሟች፣ ነገር ውስጥ የማይገባ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚነቃነቅ ሰው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በጓሮ በር ብቅ አለ። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

«እንድሬ፣ ይሄ ምንድን ነው የምትሠራው?» አለኝ።

ወንፊቱን በእግሬ ገፋ አድርጌ ሸራ ጣል አደረግኩበት።

«ተራ ልስን ነው ባክህ» አልኩት። «ገና አላለቀም።»

«አይዞህ፣ ካስፈለግኩህ ጥራኝ» ብሎ ምሳ ጋብዞኝ ተመለሰ።

ሳምንቱ አልቆ ጣሪያው እየደረቀ ሳለ ሰዓዳን ወሰድኳት። አዳራሹ መሃል ጀርባዋን ሰጥታኝ እንድትቆም አደረግኩ። እኔ በር አጠገብ ሆኜ፣ አፌን ከፍቻለሁ በማይባል ድምፅ፣ ቤት ውስጥ እንደማወራው፣ «ሰዓዳ» አልኳት።

ዞረች። ወላሂ፣ አንዴ ነው የጠራኋት። በቀኝ ጆሮዋ ሰምታ ቀጥ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ደግመን ሞከርን፤ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ከጥጉ፣ ከመስታወቱ ሥር። ሁሉንም አገኘችው። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ያን ሳቅ ከልጅነታችን ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

በማግሥቱ መርዶ መጣ። አጎታችን ኮምቦልቻ አርፈዋል። እኔና ሰዓዳ ሻንጣ እንኳ በቅጡ ሳንይዝ አውቶቡስ ተሳፈርን። መርዶውን ለታደሰ በጎረቤት አስነገርኩት፤ ለጋሽ ግርማ ሰዓዳ አስፈቀደች። ለምርቃቱ እሑድ እንደርሳለን ብለን ነበር፤ ደረስንም። አውቶቡሱ ያወረደን ጠዋት ነው። ሰዓዳ ቤት ገብታ ልብሷን ቀይራ በውይይት ታክሲ ቦሌ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ደስ ብሏታል።

የሱቁ በር ሲከፈት ድምፁ ፊቴን መታኝ።

ያ የድሮው ጩኸት! ብርጭቆው፣ ሳቁ፣ ጭብጨባው፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ቀና አልኩ። ጣሪያው ወተት መስሏል። ቀዳዳ የሚደፍነው ስቱኮ ተቀብቶ፣ ተሞርዶ፣ ነጭ የፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ ተደግሞበት ያበራል። አንዲት ቀዳዳ የለችም።

ታደሰ አዳራሹ መሃል ቆሟል። የክት ልብሱን ለብሷል። ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ መጣ፣ አቀፈኝ፣ «አላህ ያጥናህ» አለኝ በእኛው ደንብ። ከዚያ ወደ ላይ ጠቆመኝ።

«አየኸው? አላሳፈርኩህም አይደል?» አለኝ። ፊቱ በደስታ ያበራ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛን ልማድ ልንገራችሁ። ከለሳኞች መሃል አንዱ ለቅሶ ከደረሰበት፣ ሌሎቻችን የጀመረውን ሥራ ጨርሰንለት ነው የምንጠብቀው። ሐዘንተኛ ተመልሶ ያላለቀ ሥራ እንዲቆየው አናደርግም። ታደሰ ያደረገው ያንን ነው። ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ፣ ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን ወደ ላይ አንጋጦ፣ ያን ሁሉ ጣሪያ ለብቻው አለስልሶ ቀብቶልኛል። ዓይኑ በስቱኮ ብናኝ ቀልቶ ነበር።

እኔ ግን ያን ጊዜ ይህ ሁሉ አልታየኝም።

«አንተ አህያ!» አልኩት። እንግዳው ሁሉ ዞረ። «ማን ንካ አለህ? ማን ጠራህ? ገደልከኝ እኮ!»

«ምነው እንድሬ? ምን አጠፋሁ?»

«ቀንተህብኝ ነው! ጋሽ ቦጋለ ለእኔ ስላሳዩኝ ቀንተህብኝ ነው ያበላሸኸው!»

እሱ ደግሞ ጋሽ ቦጋለ ምን እንዳሳዩኝ አያውቅም፤ ከየት አውቆ ይቀናል? ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ሊል ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ ያ የተረገመ ጣሪያ ግን ለሁሉም አሰማው።

«አንተ ራስህ ገና አላለቀም አላልከኝም እንዴ?»

ሁሉም እኔን ያየኛል። ጋሽ ግርማ «እውነት ነው፣ አላለቀም ማለትህን ለእኔም ነግሮኛል፤ አንተ የላክኸው መስሎኝ ነው የፈቀድኩለት» አሉ።

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «መቼ ነው ያልኩህ? ውሸታም!» አልኩት።

ታደሰ ኮቱን አንስቶ በጓሮ በር ወጣ።

ጋሽ ግርማ ተቆጡ። «በምርቃቴ ቀን እንዲህ ዓይነት ውርደት!» አሉኝ። «ይፋቅ፣ እንደገና ልሥራው» ብዬ ለመንኳቸው። «ይህን የመሰለ ነጭ ጣሪያ ላስፍቅ? ደግሞስ ሱቄን ዳግመኛ ልዝጋ?» አሉ። አለቀ።

ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሰዓዳ የብርጭቆ ትሪ ይዛ ለእንግዶች ስታሳይ አንድ የተከበሩ ሴትዮ በግራዋ በኩል ጠሯት። አልዞረችም። ደግመው ጠሯት። ሦስተኛው ላይ ተናደው ትከሻዋን በጣታቸው መታ አደረጓት። ደንግጣ ዘለለች፤ ትሪው ከእጇ አመለጠ። ያ እብነ በረድ ላይ ያ ሁሉ ብርጭቆ ሲሰባበር፣ ያ ጣሪያ ደግሞ መልሶ ሲያወርደው፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ።

ጋሽ ግርማ በሰው ፊት «በቃ! ኩራትሽን ይዘሽ ሂጂልኝ» አሏት።

«ጆሮዋ ነው!» ልል አፌን ስከፍት አየችኝ። ተውኩት። ስብርባሪውን በእጇ ለቅማ ጨርሳ ነው የወጣችው። ሥራዋን ሳትጨርስ አትወጣም ነበር፤ ያን ቀንም ሳትጨርስ አልወጣችም።

መንገድ ላይ ስንሄድ ታደሰን ስረግም ስሰድብ ሰማችኝ። አንድ ድልድይ ስናልፍ ቆመች፣ ፊቴን በደንብ አየችው።

«አላለቀም ብለኸዋል» አለችኝ።

«አላልኩም!»

«እንድሪስ፣ እኔ የሰው ፊት እያነበብኩ ነው የኖርኩት። እዚያ ስትክድ ፊትህን አይቼዋለሁ።»

«ዝም በይ!» አልኳት። ታናሽ እህቴን፣ በእኔ ምክንያት ከሥራዋ የተባረረችውን፣ መሃል መንገድ ላይ ጮህኩባት። እሷም ለማንም አልተናገረችም።

በኋላ ሾላ ገበያ ጨርቅ ቤት ተቀጠረች። እዚያ ጣቃው ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ድምፅ አያስተጋባም፤ ጥሩ ትሰማለች። ግን እንደገና ከታች ነው የጀመረችው፤ ከእሷ በሚያንሱ ልጆች እየታዘዘች። ያንን ባየሁ ቁጥር ንዴቴ ይነሳና የማወርደው ታደሰ ላይ ነበር። ግንባታ ባለበት ሁሉ አወራሁ። «ታደሰን እንዳታስገቡት፤ የሰው ሥራ በቅናት ያበላሻል» አልኩ። ቱግ ባይ መሆኔን ስለሚያውቁ፣ እንዲህ የተናደድኩት እውነት ቢኖረኝ ነው ብለው አመኑኝ። ቦሌ አካባቢ ሥራ እየነሱት ሄዱ። በመጨረሻ ከሰፈርም ለቀቀ።

ታደሰ አንድም ቀን «እንድሪስ ራሱ ነው አላለቀም ያለኝ» ብሎ እንዳልተከራከረ በኋላ ሰማሁ። ሲጠይቁት «ሐዘን ላይ ነበር፣ ተዉት» ነው የሚለው አሉ። ይህን ስሰማ ይብስ ተናደድኩ። ቢሰድበኝ፣ ቢማታኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሰሞን አያት ሰፈር የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተገናኘን። ሸብቷል። ሲያየኝ ተነስቶ ቦታ ለቀቀልኝ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ሰዓዳ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አልኩት። ለስንቱ የሚጮኽ አፌ ተለጎመ። ሳልደርስ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ፤ መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ።

አሁን ለወጣት ለሳኞች ሁሉ ያን ልስን አሳያለሁ። ፑሚሱን፣ ኖራውን፣ ሳሙናውን ሳይቀር። ጋሽ ቦጋለ ቢሰሙ ይቆጡኝ ይሆናል፤ ይቆጡኝ። ግን ይህ የሰዓዳን ሥራ አይመልስም፣ የታደሰንም ስም አይመልስም። ፊት ለፊት ልነግረው ስላቃተኝ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ በየሥራው ቦታ ያወራሁት ሰው ሁሉም ያንብበው።

ታዴ፣ ብዬሃለሁ። በዚህ አፌ ገና አላለቀም ብዬሃለሁ።